«ኮናን»ን ሐያስያን እንዴት አዩት? እኛስ እንዴት አየነው?



በትምህርት ቤቶች ትልቁ ዕረፍት ወቅት አንዲት እናት የውኃ ክፍያ ደብዳቤ ሊያስነብቡን ወደ ቢሯችን መጥተው ነበር። ደብዳቤው ተነቦላቸው፣ ስልክም ተደውሎላቸው ጉዳያቸው ካለቀ በኋላ በሩን ይዘው ቆሙና «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ግቢ ወርዶ መጫወት ከተወ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ምክንያቱን ሲጠይቁት መጀመሪያ ዝም አለ፤ በኋላ ግን «ሁልጊዜ እባቡን ሁን ይሉኛል» አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንጻው ልጆች በታላላቆቻቸው ስልክ ላይ ቁርጥራጩን ያዩትን አንድ የድሮ ፊልም በዱላ ይጫወታሉ። አንዱ ኮናን የሚባለውን ባለ ጎራዴ ይሆናል፤ ሌሎቹ ባልንጀሮቹ ይሆናሉ። የእኒህ እናት ልጅ ግን በየቀኑ ወደ እባብነት የሚለወጠውን ጠንቋይ ንጉሥ እንዲሆን ይደረጋል። በመጨረሻም በሕንጻው ደረጃ ላይ አንገቱ ይቆረጣል። አንድ ቀን ተራ እንዲቀየር ቢጠይቅ «በፊልሙም ውስጥ እኮ ጥቁር ነው» የሚል መልስ ሰጡት።

እናቲቱ የጠየቁን ጥያቄ አጭር ነው። «ፊልሙ ክፉ ከሆነ ልከልክለው፤ ክፉ ካልሆነ ደግሞ ልጄ ለምን እንደሚያለቅስ አስረዱኝ።» በዚያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ፊልሙን ከጥቂት ወላጆችና ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጠን አየነው፤ ሐያስያን በጊዜው ስለ እርሱ የጻፉትንም አነበብን። ይህ ጽሑፍ ለእኒህ እናት የምንሰጠው መልስ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ሌሎች ወላጆችም በመዝከረት ባትያና በአካባቢዋ እንደማይጠፉ እናምናለን።

ፊልሙ ምን ይላል?

«ኮናን አረመኔው» የተባለው ይህ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜይ ወር 1982 ነው። አዘጋጁ ጆን ሚልየስ ሲሆን ድርሰቱን ከኦሊቨር ስቶን ጋር ጽፎታል። የተቀረጸው በስፔን አገር ነው። ኮናንን ሆኖ የሚጫወተው በዚያን ጊዜ በሰውነት ማጎልመስ ውድድር እንጂ በተዋናይነት ብዙም ያልታወቀው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው።

ታሪኩ በበረዷማ አገር ይጀምራል። አንድ ቀጥቃጭ አባት ጎራዴ ይሠራል፤ ትንሹን ልጁንም አስቀምጦ ስለ ብረት ምሥጢር ይነግረዋል። በሰው አትመን፣ በዚህ እመን እያለ ብረቱን ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ወራሪዎች በፈረስ መጥተው መንደሩን ያቃጥላሉ፤ አባቱን ይገድላሉ። የወራሪዎቹ አለቃ ቱልሳ ዱም የሚባል ጠንቋይ ነው። ሕፃኑ ዐይኑ እያየ የእናቱን አንገት ይቆርጣል። ልጁ በባርነት ተሸጦ ያድጋል፤ ጎልማሳ ሲሆንም ነፃ ወጥቶ ገዳዩን ፍለጋ ይሄዳል። ጠንቋዩ በዚህ መካከል የእባብ አምልኮ መሥርቶ፣ ብዙ ወጣቶችን አስከትሎ፣ ራሱም ወደ ትልቅ እባብ የሚለወጥ ሆኗል። በመጨረሻ ኮናን በአባቱ ጎራዴ አንገቱን ቆርጦ ጭንቅላቱን በቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ቁልቁል ይወረውረዋል። ቱልሳ ዱምን ሆኖ የሚጫወተው ስመ ጥሩው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። በግቢያችን ያሉት ልጆች የሚጫወቱትም ይህንኑ የመጨረሻ ክፍል ነው።

ሐያስያን ምን አሉ?

ሐያሲ ማለት ፊልምን ወይም መጽሐፍን መርምሮ ፍርዱን በጽሑፍ የሚሰጥ ሰው ነው። ፊልሙ እንደ ወጣ ሐያስያኑ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ቪንሰንት ካንቢ ፊልሙ ረዥም፣ የተምታታና አዘገጃጀቱ የደከመ ነው ብሎ ጻፈ። በታይም መጽሔት ላይ ሪቻርድ ሺክልም ከዚህ ያላነሰ መራራ ትችት ሰነዘረ። ሌሎች ደግሞ ሥዕሉን፣ በተለይም ባሲል ፖልዱሪስ የደረሰለትን ሙዚቃ አደነቁ። ሕዝቡ በበኩሉ ትችቱን ሳይሰማ ሲኒማ ቤቱን ሞላ። ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በአሜሪካ ብቻ 40 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ከእርሱም በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጎራዴና የአስማት ፊልሞች ጎረፉ።

እንግዲህ አብዛኛው ክርክር ስለ ሦስት ነገሮች ነበር ማለት ይቻላል። ደም በዛ ወይስ አልበዛም? ሽዋርዘኔገር መጫወት ይችላል ወይስ አይችልም? ታሪኩ ያዝናናል ወይስ ያሰለቻል? ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ እናቲቱ ይዘውት የመጡት የለበትም።

ጥያቄውን ያነሳ አንድ ታዋቂ ሐያሲ ግን አግኝተናል። የቺካጎ ሰን ታይምሱ ሮጀር ኢበርት ነው። ኢበርት በ1975 በሒስ ሥራው የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ፣ በ2013 ያረፈ ጸሐፊ ነው። ልብ በሉ፤ ኢበርት ፊልሙን ወዶታል። ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጥቶታል። ነገር ግን ወዶ አላበቃም። ያ የመጨረሻው ትዕይንት፣ የሰሜን አውሮፓ መልክ ያለው ጡንቸኛ በችቦ ብርሃን መካከል የጥቁርን ሰው አንገት ቆርጦ ሲወረውር ማየቱ፣ እንደ ረበሸው በግልጽ ጻፈ። ይህ ሥዕል የናዚዎቹን ፊልም ሠሪ የሌኒ ሪፈንስታልን ሥራ እንዳስታወሰውም ተናገረ።

ይህ ለምን አስፈለገን? ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር ስንነጋገር ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለናል። አንዱ «ጥሩ ነው፣ እይ» ማለት ነው፤ ሌላው «ክፉ ነው፣ አጥፋው» ማለት ነው። ኢበርት ሦስተኛውን መንገድ አሳይቷል። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ይህ ግን አሳምሞኛል፤ ምክንያቱም ይህ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ለእኒህ እናት ልጅ ያስፈለገውም ይኸው ነበር። ጨዋታውን ይወዳል፤ ዱላውን ይወዳል፤ መሯሯጡን ይወዳል። ያሳመመው አንድ ነገር ነው፤ እርሱን ለይቶ የሚናገርበት ቃል ግን አልነበረውም።

ታሪኩ ከየት መጣ?

ኮናንን የፈጠረው ሮበርት ሃዋርድ የሚባል የቴክሳስ ጸሐፊ ነው። የመጀመሪያው የኮናን ታሪክ በ1932 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ታተመ፤ ደራሲው በ1936 ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዘመን በቴክሳስ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። የሃዋርድ ታሪኮችም የዘመኑን ንቀት ተሸክመዋል። በፈጠረው ዓለም ካርታ ላይ የጥቁሮቹን አገር «ኩሽ» ብሎ ሰይሞታል።

ይህን ስም እኛ ከኦሪት እናውቀዋለን። የሙሴ ሚስት ኩሻዊት ነበረች፤ በእርሷ ምክንያት ሙሴን ያማችው ማርያም በለምጽ ተመታች። በዛሬው የዕብራይስጥ መንገድ ላይ ግን «ኩሺ» ስድብ ነው፤ ልጆቻችንም ይሰሙታል። አንድ የከበረ ስም በሌላ ሰው ብዕርና አፍ እንዴት እንደሚወርድ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

ለፍትሕ ስንል ግን ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። ቱልሳ ዱም በሃዋርድ ድርሰት ውስጥ ፊቱ የራስ ቅል የሆነ ጠንቋይ እንጂ ጥቁር ሰው አልነበረም፤ የኮናንም ጠላት አልነበረም። ጥቁር ተዋናይ የመረጡት የፊልሙ ሠሪዎች ናቸው። ጄምስ ኧርል ጆንስም ሚናውን በፈቃዱ ነው የተቀበለው፤ ቀስ ብሎ በሚናገረው በዚያ ግርማ ባለው ድምፁ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ እንደሚታይ እኛም መስክረናል። ይህ ሰው በ2024 ሲያርፍ ዓለም በሙሉ ያዘነለት ነው። ልጆቻችንም ሳያውቁት ያውቁታል፤ በ1994 በወጣው «የአንበሳው ንጉሥ» ውስጥ የአባት አንበሳው ድምፅ በእንግሊዝኛው ቅጂ የእርሱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ጥቁር ሰው ክፉ ሆኖ መጫወቱ አይደለም። ማንም ተዋናይ ክፉም ደግም መሆን አለበት። ችግሩ በፊልሙ ዋና ዋና ሰዎች መካከል ሌላ ጥቁር አለመኖሩ ነው። ልጁ «እሺ፣ እባቡን አልሆንም፤ ታዲያ ማንን ልሁን?» ብሎ ቢጠይቅ ፊልሙ የሚሰጠው መልስ የለም።

አዛውንቱ ምን አሉ?

ከእኛ ጋር ሆነው ፊልሙን ያዩት አዛውንት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው። ዕብራይስጡን ከግርጌ ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ብቻ ነው ያዩት። ፊልሙ ገና ሲጀምር፣ አባትየው የቀለጠውን ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስ፣ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ይኼ ሰውዬ ብረት አያውቅም» አሉ።

«እንዴት አባባ?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ጎራዴ እንደ ሰም ቀልጦ አይፈስም። የሚፈሰው ነሐስ ነው። ብረት ይግላል፣ ይቀጠቀጣል፤ እንደገና ይግላል፣ እንደገና ይቀጠቀጣል። በረዶ ውስጥ መንከሩን አላውቅም፤ እኛ አገር በረዶ የለም፣ ውኃ ነበር የምናጠጣው። ማፍሰሱ ግን ውሸት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ስለ ጎራዴ አሠራር የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ፊልም ላይ ያቀረቡት ነቀፋም ይኸው ነው፤ የጎራዴ ብረት ይቀጠቀጣል እንጂ እንዲህ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ አይሠራም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ፈስሶ የተሠራ ነው፤ እርሱ ግን መድፍ ነው፣ ጎራዴ አይደለም።

እኒህ አባት ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ልጅ ሳሉ ለአባታቸው ወናፍ ይነፉ ነበር፤ በኋላም ራሳቸው መዶሻና ጉጠት ይዘው ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ሠርተዋል። ለልጅ ልጆቻቸው ግን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ስሙ ጥሩ አልነበረማ። ቀን ማረሻ ሊያሠሩ ይመጣሉ፤ ማታ ልጃቸው ሲታመም ቡዳ በላው ይሉናል።»

ከጎንደርና ከአካባቢው ለመጣ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ግን እንጻፍላቸው። ቤተ እስራኤል ብዙ መሬት ስላልነበራቸው በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤቱ ያለ እነርሱ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ያለ እነርሱ ምጣድ እንጀራ አይጋግርም። ይሁን እንጂ ብረት በእሳት የሚያለዝብ ሰው ምሥጢር አለው፣ በዐይኑ ይበላል፣ ማታ ጅብ ይሆናል እየተባለ ይፈራና ይጠላ ነበር። በዚህ ወሬ ብዙ ሰው ተበድሏል።

እንግዲህ ፊልሙን በዚህ ዐይን መልሳችሁ እዩት። በመጀመሪያው ክፍል ቀጥቃጩ የተከበረ ነው። ልጁ በአባቱ እጅ ይኮራል፤ የአባቱን ጎራዴ ዕድሜ ልኩን ይፈልገዋል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ወደ አውሬ የሚለወጠው ጠንቋይ ጥቁር ነው፤ አንገቱም ይቆረጣል። የሆሊውድ ሰዎች ስለ ቤተ እስራኤል አስበው አይደለም ይህን የሠሩት። ነገር ግን የእኛ ልጅ ፊልሙን ሲያይ በሁለቱም ቦታ ዘመድ አለው። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያቱንም ሰዎች «ወደ አውሬ ይለወጣል» ይሏቸው ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን አልሰማም፣ ስላልነገርነው። ሁለተኛውን ግን ግቢ ውስጥ ዱላ የያዙ ልጆች በሌላ መልክ ነገሩት።

ኢበርት ይህን ሊያየው አይችልም ነበር። ከእኛ በቀር ሊያየው የሚችል የለምና፣ መናገርም የእኛ ድርሻ ነው።

ነገሩ ከእስራኤልም የራቀ አይደለም

የጎራዴና የአስማት ፊልም የሩቅ ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥብርያ የተወለደው መናሄም ጎላን ከቅርብ ዘመዱ ከዮራም ግሎቡስ ጋር ሆኖ በ1979 ካኖን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ፤ በ1983 «ሄርኩለስ»ን፣ በ1987 ደግሞ «የዓለማት ጌቶች»ን አቀረቡ። «ሄርኩለስ»ን ሐያስያን ሳቁበት። ይኸው ጎላን ግን በ1964 ስለ አንድ አዲስ መጤ ቤተሰብ የመዓበራ ኑሮ የሚናገረውን «ሳላህ ሻባቲ»ን ያወጣ ሰው ነው። ያን ፊልም የአገሩ ሐያስያን ሲነቅፉት ሕዝቡ ተጋፍቶ አይቶታል፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጭቶ ነበር።

በ2011 እንደ ገና የተሠራውን «ኮናን» ካወጡት ሰዎች መካከልም አቪ ለርነርና ቦዓዝ ዴቪድሰን የተባሉ እስራኤላውያን ይገኙበታል። በዚህኛው ፊልም ክፉው ሰው ነጭ ነው፤ የኮናን ታማኝ ወዳጅ ደግሞ ኖንሶ አኖዚ የሚጫወተው ጥቁር ሰው ነው። ሆኖም ሐያስያኑ ፊልሙን አልወደዱትም፤ ኢበርትም ጭምር። ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣበትም ሲኒማ ቤት ገቢው ወጪውን አልሸፈነም። ከዚህ የምንማረው የተሻለ ፊልም ሊያቆስል፣ የደከመ ፊልም ደግሞ በዚህ በኩል ደኅና ሊሆን መቻሉን ነው። ስለዚህ ሐያሲ የሚሰጠው ኮከብ ብቻውን ለወላጅ አይበቃም።

ለወላጆች የምንለው

አንደኛ፣ የ1982ቱ ፊልም የልጅ ፊልም አይደለም። ደምና ራቁትነት አለበት፤ በአሜሪካም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ጋር ካልሆነ ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዲያየው አይፈቀድም ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መከልከሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋታው ግቢ ውስጥ ነውና።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ የሚያየውን አብራችሁ እዩ። ዕብራይስጥ አላውቅም ብላችሁ አትሽሹ፤ አዛውንቱ ሥዕሉን ብቻ አይተው ከሁላችን በፊት ስሕተቱን አገኙት። ልጁ ይተርጉምላችሁ፤ እናንተም ጠይቁት። ደጉ ማነው? ክፉው ማነው? መልካቸው ምን ይመስላል? እኛን የሚመስል ሰው አለ? ምን ይሠራል?

ሦስተኛ፣ ጨዋታው ወደ ስድብ ወይም ወደ መገለል ከተለወጠ ለአስተማሪው ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ንገሩ። ቋንቋ ከቸገራችሁ አብረናችሁ እንሄዳለን። እነዚያ ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ያዩትን ነው የደገሙት። ይሁን እንጂ የልጃችሁን እንባ «የልጅ ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አራተኛ፣ የሠራችሁትን ሥራ ንገሯቸው። ቀጥቃጭ የነበረ ቀጥቃጭ ነበርኩ ይበል፤ ሸክላ ትሠራ የነበረች እናት ትናገር። «ቡዳ» ይሏችሁ የነበረውንም አትደብቁ፤ ውሸት እንደ ነበረ ጨምራችሁ ንገሯቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል።

እናቲቱን መልሰን አነጋግረናቸዋል። ፊልሙ በከፊል ያማረ፣ በከፊል ያሳመመን እንደ ሆነ፣ ልጃቸውም ያለቀሰው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ነግረናቸዋል። ከሕንጻው ልጆች ወላጆች ሁለቱን አግኝተን ተነጋግረናል፤ አንደኛዋ አዝነው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ሌላው «ጨዋታ ነው» ብለውናል። ልጁ አሁን አንዳንድ ቀን ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን አይወርድም። አዛውንቱ ግን ለልጅ ልጆቻቸው ወናፍ ምን እንደሚመስል በወረቀት ላይ ሥለው አሳይተዋል። ልጆቹ «ይህ ሁሉ ነገር ለአንድ ቢላዋ ነው?» ብለው እንደ ጠየቋቸው እየሳቁ ነግረውናል።

የዚህ ጽሑፍ ዕብራይስጥ በጀርባው ገጽ ላይ ይገኛል። ልጆቻችሁ ያንን ያንብቡላችሁ፤ እናንተም ይህን አንብቡላቸው። በመካከሉ የማይስማማችሁ ነገር ካለ ወደ ቢሯችን ብቅ በሉ።

ሻሎም፤ ቸር ያገናኘን።